ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ይልቅ መቀርቀሪያውን ጠርጥሩ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሽንት ቤት በአዳራሽ ማውራት ለሁላችንም ትንሽ ያሳፍራል። ሐፍረቱን እዚያው በሩ ላይ እንተወውና ነገሩን በስሙ እየጠራን እንሂድ።

የዛሬው ጥያቄ በየጤና ጣቢያው በሹክሹክታ ይጠየቃል። ሰውዬው ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ፈሳሽ ያያል፣ ይመረመራል፤ ውጤቱ ጨብጥ ይሆናል። «ዶክተር፣ የመናኸሪያ ሽንት ቤት ተጠቅሜ ነበር፤ ከዚያ ይሆን?» ይላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ድሮ ጨብጥ ጨረቃ ላይ በመሽናት ይመጣል ይባል ነበር፤ ውሻ የሸናበት ላይ መሽናትም፣ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መቀመጥም ሲወቀሱ ኖረዋል። ዛሬ ጨረቃዋ በነፃ ተለቃ ክሱ ወደ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ዞሯል። (በቋንቋችን የሚቀመጠውም የሚቀመጡበትም «መቀመጫ» ስለሚባል፣ ከአሁን በኋላ መቀመጫ ስል የፕላስቲኩን ማለቴ ነው።)

አንድ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ጀርሙ ከታመመው ሰው ከወጣ በኋላ በሕይወት መቆየት አለበት፤ ለማሳመም የሚበቃ ብዛት ሊኖረው ይገባል፤ ወደ ሌላው ሰው ሰውነት የሚገባበት በር ማግኘት አለበት። አንዱ ከጎደለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። መቀመጫውን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። የጨብጥ ባክቴሪያ ሙቀትና እርጥበት ካላገኘ፣ ፈሳሹ ሲደርቅ አብሮ ይሞታል። ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር ባክቴሪያ የሚራባው በሰው ሴል ውስጥ ብቻ ነው። የቂጥኝ ጀርም ከሰውነት ውጭ የሚቆም አቅም የለውም። ኤችአይቪም ከሽንት ቤት አይተላለፍም። ሊከራከር የሚችለው ትሪኮሞናስ የሚባለው የአባላዘር ጥገኛ ነው፤ እርጥብ ነገር ላይ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላልና። ሄርፒስም ፕላስቲክ ላይ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ግን በሩ የት አለ? መቀመጫው ላይ የሚያርፈው የጭን ቆዳ ነው። ያልቆሰለ ቆዳ ለእነዚህ ጀርሞች ግድግዳ ነው፤ እነሱ የሚገቡበት ስስ የብልት ሥጋ ደግሞ መቀመጫውን አይነካም። የብልት ቅማልም ቢሆን ከሰው ሙቀት ከተለየ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል፤ እግሮቹ ፀጉር ለመጨበጥ የተሠሩ ስለሆኑ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ መቆም አይችልም።

ይህን የምናብራራው ሰውን ለማሳፈር አይደለም። መቀመጫውን የወቀሰ ሰው መድኃኒቱን ለብቻው ይውጣል፤ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛው አይታከሙም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣና «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ክላሚዲያ አብዛኞቹን ሴቶች ምንም ምልክት አያሳይም፤ ውስጥ ውስጡን ግን የማህፀን ቱቦን አጥብቦ መሃንነት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታከማሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን መድኃኒት ከወሰዱ በኋላም ለ7 ቀን ከግንኙነት ይታቀባሉ።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ለየብቻው ማንሳት ይገባል፤ ብዙ ሴቶች «ቆሻሻ ሽንት ቤት ገብቼ ያዘኝ» የሚሉት እሱን ነውና። የብዙው ምክንያት ኢኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ እሱም ከራሷ ከሴቲቱ አንጀት የመጣ ነው። የሴት የሽንት ቱቦ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንድ 20 ገደማ። ከፊንጢጣ አካባቢ የተነሣ ባክቴሪያ ያችን አጭር መንገድ በቀላሉ ይወጣል። ሽንት ሲወጣ ቱቦውን ያጥባል፤ ሲቋጠር ግን ባክቴሪያው ፊኛ ውስጥ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። እንግዲህ ሽንት ቤቱ ጥፋተኛ የሚሆነው በተዘዋዋሪ ነው፤ አስጠልቶ ስላስቋጠረን። ቀኑን ሙሉ ውሃ የማትጠጣ፣ ቤቷ እስክትደርስ የምትቋጥር ተማሪ በሽታውን ያመጣችው ሽንት ቤት ባለመግባቷ ነው። ሌላም አለ። መቀመጫውን ላለመንካት ግማሽ ቆማ፣ ጉልበቷን አጥፋ የምትሸና ሴት የዳሌዋ ጡንቻ ስለሚወጠር ፊኛዋ ሙሉ በሙሉ ባዶ ላይሆን ይችላል። ወይ ተቀመጪ፣ ወይ መሬት ላይ እንደሚደረገው በደንብ ቁጢጥ በይ፤ መካከለኛው አይጠቅምም። ጠረጋውም ከፊት ወደ ኋላ ነው።

የሚያሳክክ ነጭ ፈሳሽም እንዲሁ ነው፤ ፈንገሱ ቀድሞም ሰውነቷ ላይ ይኖራል፤ አንቲባዮቲክ፣ እርግዝና ወይም ስኳር ሲያጋጥም ይበዛል። ጭን ላይ በመቀመጫው ቅርጽ ልክ የሚወጣ መቅላትና ማሳከክ ካያችሁ ደግሞ ኢንፌክሽን ከማለታችሁ በፊት ስለ ጽዳቱ ጠይቁ። ጠንካራ ኬሚካል ፈስሶበት በውሃ ያልታጠበ መቀመጫ ቆዳ ያቃጥላል። ንጽሕና ሲበዛ የሚመጣ ቁስል ማለት ነው።

እስካሁን መቀመጫውን ነፃ ስናወጣ ቆየን። ሽንት ቤቱን ራሱን ግን ነፃ አላወጣሁም። ከሽንት ቤት የሚመጣው እውነተኛ በሽታ በእጅ ተይዞ ወጥቶ በአፍ የሚገባው ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ብቻ ይበቃዋል። ይህ በዓይን የማይታይ፣ ከጥፍር ሥር የሚገባ መጠን ነው። ኖሮቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ ጃርዲያና አሜባም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ታይፎይድም እንዲሁ። ኮሌራ ከሺጌላ በጣም የበዛ ቁጥር ይፈልጋል፤ ነገር ግን የታመመው ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያስቀምጠው ስለሚችል ቁጥሩን ራሱ ያሟላዋል።

አሁን በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ የጋራ ሽንት ቤትን ቀረብ ብለን እንይ፤ ስድስት ቤተሰብ የሚጠቀምበትን። በሩ በቁልፍ ይዘጋል። ቁልፉ እንዳይጠፋ በእንጨት ቁራጭ ላይ በጨርቅ ገመድ ታስሮ ከአንዱ ቤት ማድቤት በር አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ቁልፉን ያነሣል፣ ይከፍታል፣ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ይስባል፣ ሃይላንዱን ያነሣል፣ ይጠቀማል፣ ይታጠባል። ከዚያ በዚያው እጁ ሃይላንዱን ያስቀምጣል፣ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ይመልሳል። እጁን የሚታጠበው ቤቱ ገብቶ ነው፤ ያውም ከታጠበ። ቆጠራችሁት? እጁ በቆሸሸ ጊዜና በታጠበ ጊዜ መካከል አራት ነገር ነክቷል፤ አራቱንም ቀጣዩ ሰው ይነካቸዋል። ቀጣዩ ሰው ደግሞ እንጀራ እያወጣች «ቆይ መጣሁ» ብላ የተነሣች እናት ልትሆን ትችላለች። ሽንት ቤቱ በየቀኑ ይታጠብ ይሆናል፤ ቁልፉን አጥቦ የሚያውቅ ማን ነው?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 12 የሕዝብ ሽንት ቤቶች ውስጥ ያሉ ነገሮችን በዘረመል መርምሮ ነበር። እጅ የሚነካቸው ቦታዎች የቆዳ ባክቴሪያ ይበዛባቸዋል፣ መቀመጫው አካባቢ የአንጀት ባክቴሪያ ይገኛል፣ ወለሉ የአፈር። አስቂኙ ነገር፣ በአንዳንድ የውሃ መልቀቂያ እጀታዎች ላይ የወለል ባክቴሪያ ተገኘ። አንዳንዱ ሰው እጀታውን መንካት ተጠይፎ በጫማው ይረግጠዋል ማለት ነው። ለራሱ ተጠንቅቆ ለቀጣዩ የጫማውን ጭቃ ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ የእጅ መታጠቢያው ከመውጫው በር ውጭ፣ ጥቂት እርምጃ ላይ መሆን አለበት፤ እዚያው ከሌለ ቤት ድረስ ማንም አያስታውሰውም። ቧንቧ ካለ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የቧንቧውን ራስ በቆሻሻ እጃችን ከፍተን፣ ታጥበን፣ በንጹሕ እጃችን ያንኑ እንዘጋለን። ሳሙናውን የቧንቧው ራስ ላይም አሸት አድርጉትና እጃችሁን ስታለቀልቁ አብሮ ይለቅለቅ፤ አለዚያ በክርናችሁ ወይም በሶፍት ዝጉት። የሳሙናው ማሸት 20 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል፤ አውራ ጣት፣ የጣት መሃልና የጥፍር ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ናቸው። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሠራል። የጋራ ፎጣ ግን አይሁን፤ እጅን አራግፎ በአየር ማድረቅ ይሻላል፤ እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም ይሰጣልም ይቀበላልም።

«ሳሙና ብናስቀምጥ ይሰረቃል» ለሚለው የቆየ እሮሮ ርካሽ መፍትሔ አለው። በ1.5 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና በጥብጡ፤ ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሱና ጠርሙሱን በገመድ እሰሩት። የሳሙና ውሃ ማንም ቤቱ አይወስድም፤ ሳሙናውም ከሚሟሟ ድፍን ሳሙና ይበልጥ ይበረክታል።

ወደ ወለሉ እንውረድ። ወስፋት ከሽንት ቤት ይይዛል ወይ? አዲስ ከወጣ ዓይነ ምድር በቀጥታ አይይዝም። አንዲት እናት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን ለማሳመም የሚበቃው አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመታት ይቆያል፤ በረኪናም አይበግረውም። በባዶ እግር የሚገባው መንጠቆ ትልም እርጥብና ጥላ ያለው አፈር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሊታጠብ የሚችል የሲሚንቶ ወለልና ጫማ ያን ያህል ዋጋ የሚኖራቸው። ልጆችን ማታ ማታ ፊንጢጣቸውን የሚያሳክካቸው ትንሿ ነጭ ትል ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናት፤ እንቁላሏ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፣ ዕቃና አንሶላ ላይም ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። መቀመጫም በዚህ ሊጠረጠር ይችላል፤ ያኔም የሚያደርሰው ጣት ነው።

ዝንቡንም እንዳንረሳ። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታመላልሰው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ እምብዛም አይመቻትም። ስለዚህ «የጋራ ሽንት ቤት በሽታ ያመጣል» ብሎ ሜዳ መውጣት፣ ትራኮማ ገና ባልለቀቃቸው የአማራ ክልል ገጠሮች በልጆች ዓይን የሚከፈል ዋጋ ነው። ደካማ የጋራ ሽንት ቤት ከሜዳ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

አሁን ውሃ ወደሚለቀቅበት ሽንት ቤት እንሂድ። ውሃ ሲለቀቅ በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ወደ ላይ ይረጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮሎራዶ መሐንዲሶች በአረንጓዴ ሌዘር ሲያዩት ክዳን የሌለው ሽንት ቤት ጠብታዎቹን በሴኮንድ እስከ 2 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወረውራቸው ነበር፤ በ8 ሴኮንድ ውስጥ 1.5 ሜትር ከፍታ ደርሰዋል። ያ የብዙዎቻችን የፊት ከፍታ ነው። ክዳን መዝጋት ትልልቁን ጠብታ ይቀንሳል፣ በጎን የሚወጣውን ረቂቁን ግን አያቆምም። ጠብታ መኖሩ ደግሞ ሰው መታመሙ ማለት አይደለም፤ ታማሚ ከሌለበት ቤት የሚረጨው በአብዛኛው ያው የራሳችን ነው። ተግባራዊው ነገር ቀላል ነው፤ ክዳን ካለ ዝጉ፣ ልቀቁ፣ ቆማችሁ አትመልከቱ፣ የጥርስ ብሩሻችሁን ከዚያ አርቁ።

በሽታ በሽንት ቤት በኩል በአየር ለመሄዱ ከባዱ ምስክር ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያለው አሞይ ጋርደንስ የተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ሳርስ የተባለው ተላላፊ የሳንባ በሽታ የያዘው አንድ እንግዳ ተቅማጥ ይዞት እዚያ ሽንት ቤት ተጠቀመ። በኋላ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ታመሙ፣ 42 ሞቱ። መርማሪዎቹ ዓይናቸው ያረፈው በመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ፍሳሽ መውረጃ ላይ ነው። በእያንዳንዱ መውረጃ ሥር የታጠፈ ቱቦ፣ ማለትም ሲፎን አለ፤ በውስጡ የሚቀረው ውሃ ከዋናው ቱቦ የሚመጣውን አየር ያግዳል። ነዋሪዎቹ ወለሉን በውሃ ከማጠብ ይልቅ በመወልወያ ስለሚያጸዱ ሲፎኖቹ ደርቀው ነበር። የአየር ማስወጫ ማራገቢያው ሲበራ ከቱቦው ውስጥ ጠብታ የተሸከመ አየር ወደ ቤት ሳበ። በየኮንዶሚኒየማችን «የሽንት ቤት ሽታ ከወለሉ ይመጣል» ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ወለል አይታጠብም፣ ሲፎኑ ይደርቃል። በሳምንት አንዴ በየመውረጃው አንድ ሁለት ሊትር ውሃ አፍስሱ። ካፈሰሳችሁም በኋላ ሽታው ካለ ሲፎኑ ከመጀመሪያውም አልተገጠመም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

ስለ ጽዳቱም ልናገር፤ ብዙ በረኪና የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ክሎሪን ቆሻሻ ካገኘ አቅሙን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ ጀርሙ ይተርፋል። ስለዚህ ቅድሚያ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ፈትጉ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ በረኪናው ከዚያ ይምጣ። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ከሆነ፣ ተቅማጥና ትውከት ለነካው ወለል 1 ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ውሃ፤ ይህ 0.5 በመቶ ይሆናል። ለ10 ደቂቃ ይቆይና በውሃ ይታጠብ። የተበጠበጠው በዚያው ቀን ይለቅ፤ ነገ ጉልበት የለውም። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪናም እንዲሁ፣ ሽታው እንጂ ኃይሉ አይኖርም። በረኪናን ሽንት ቤት ከሚያነጣ አሲድ ጋር የሚቀላቅል ሰው ክሎሪን ጋዝ እየሠራ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ያረረ ሽንት ላይ በረኪና ማፍሰስም ዓይን የሚያስለቅስ ጋዝ ያወጣል፤ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ በርና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። መቀመጫውን የጠረገ ጨርቅ የቧንቧውንና የመቀርቀሪያውን እንዳይነካ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ጨርቆች ይኑሩ፤ ቅደም ተከተሉም ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ነው።

ከአዳራሹ ጥያቄዎች ተነሥተዋል፤ ሦስቱን ልመልስ።

መቀመጫው ላይ ሶፍት ማንጠፍ ይጠቅማል ወይ? ለመንፈስ ዕረፍት ይጠቅማል። እርጥብ ከሆነ ጥረጉት፤ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ተቀመጡ። ያነጠፋችሁትን ሶፍት በእጃችሁ ስታነሡ ግን ካልታጠባችሁ ከመቀመጫው የሸሻችሁትን በጣታችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። መቀመጫ ላይ በጫማ ወጥቶ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ይቅር፤ ሴራሚኩ ተሰብሮ ከባድ ቁስል ያደርሳል።

የእጅ አልኮል ሳሙናን ይተካል? መንገድ ላይ ከምንም ይሻላል፤ ለብዙ ባክቴሪያ ይሠራል። ኖሮቫይረስ ላይ ግን ደካማ ነው፣ የወስፋትን እንቁላል አይገድልም፣ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ባለበት እጅ ላይም ዋጋ የለውም። ውሃና ሳሙና ስታገኙ ድገሙት።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ስለዚያ ቁልፍ ነበር፤ ምን እናድርገው? ሚስማሩን ከማድቤቱ በር ነቅላችሁ ከእጅ መታጠቢያው ጀሪካን አጠገብ ምቱት፤ ቁልፉን የሚመልስ ሰው ውሃውና ሳሙናው ፊት ለፊቱ ይቆሙታል። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ካደረገ በኋላ ይታጠብ፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ልፋት ነው። ቁልፉ ራሱ ሽንት ቤቱ በሚጸዳበት ቀን ሁሉ ከመቀርቀሪያው ጋር በሳሙና ውሃ ይታጠብ፤ በረኪና ብረቱን ያዝገዋል። እንጨቱና የጨርቁ ገመድ እርጥበት ስለሚይዙ በፕላስቲክ ቁራጭና በሽቦ ይቀየሩ።